አቧራ ያልነበረችው ነጥብ

ጥሩ ሲሠራ የማይታይ ሥራ ነበር የእኔ። የድሮ ፊልም ያየ ሰው «እንዴት ንጹሕ ነው!» ካለ ሥራዬ ትንሽ ጎድሏል ማለት ነው። ስለ ንጽሕናው ምንም ሳያስብ፣ ታሪኩን ብቻ አይቶ ዓይኑን እየጠረገ ከተነሣ ግን ሙያዬን ተወጥቻለሁ።

ጡረታ የወጣሁት በሚያዝያ ነው። ባለቤቴ ዘውዱ ያረፈው ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር። አሁን ለሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጃችን ማርታ «ማሚ፣ ዝም ብለሽ ግድግዳ ከምታዪ ስለ ሥራሽ ጻፊ» ብላ ደብተር ገዝታልኝ ሄደች። በቀን ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ እሱንም መልሼ እሰርዘዋለሁ። መሰረዝ የቆየ ልማዴ ነው። የምጽፈውም ይህ ልማድ ያሳጣኝን ነው።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በጋሽ ወርቅነህ ፎቶ ቤት ነው። ካሜራ ነክቼ አላውቅም። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከመስታወቱ ሥር መብራት በተገጠመበት ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ በሾለ እርሳስና በቀጭን ብሩሽ ኔጋቲቭ እነካካ ነበር። ሪታች ይባል ነበር ሥራው። የሙሽራ ብጉር፣ የባለሥልጣን ኪንታሮት፣ የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ምክር ነበራቸው፤ «ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው መልኩን ፍለጋ አይደለም፤ ምኞቱን ፍለጋ ነው። ነጥብ ካየሽ አጥፊ።» አሥራ አንድ ዓመት ሳጠፋ ኖርኩ። በመጨረሻ እጄ ራሱ ነጥብ ሲያይ አላስችል ይለው ጀመር። ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የቆመች ሴት ነጠላ ላይ ክር ካየሁ ሳላነሣ አላልፍም ነበር።

ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስንመጣ ሁለታችንም ሪከንባከር በሚባል ሰፈር መጋዘን ሥራ ገባን። እኔ ካርቶን አሽጋለሁ፤ ዘውዱ ፎርክሊፍት ይነዳል። ዘውዱ በደርግ ጊዜ ቼኮስሎቫኪያ ተልኮ የመስታወት ምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። የተማረበት ሙያ እዚህ አልሠራለትም፤ ቋንቋው ግን ሠራለት። ሱፐርቫይዘሩ ሲያናድደው ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ በቼክኛ ይሳደብ ነበር። «ማንም ስለማይሰማኝ ኤች አር ለወቀሳ አይጠራኝም» ይለኛል።

ከመጋዘኑ ያወጡኝ ቢሮ ያጸዱ የነበሩት እትዬ የሺ ናቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «አንቺ፣ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ የድሮ ፊልም የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። ፒያሳ ነበረኝ ያልሽው ዓይነት ከሥሩ የሚበራ ጠረጴዛ አላቸው። ስጠርገው ባየሁ ቁጥር አንቺ ትዝ ትይኛለሽ» አሉኝ። በማግሥቱ ሄድኩ። የሚከፍሉት በሰዓት ከመጋዘኑ ያንስ ነበር። ዘውዱ ወረቀቱን አየና «ወገብሽ ይተርፋል፤ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዌልደን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ የኦሃዮ ሰው ናቸው። በስማቸው ብቻ መጥራት ከአፌ አልወጣ ስላለኝ «ጋሼ» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው።»

«ወንድምሽ ልሆን ነው? እንግዲያው ከምሳሽ አካፍይኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሲስ»፣ እህቴ እንደማለት፣ ነው የሚሉኝ። ምሳዬንም እውነትም ይካፈሉኝ ነበር፤ ሽሮ ይወዱ ነበር።

ፊልም ያለበት የብረት ጣሳ ሲመጣ መጀመሪያ ከፍተው ያሸቱታል። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ፊልሙ እየሞተ ነው፤ ሌሎቹን እንዳይበክል ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያ የፊልሙን ጫፍ በከንፈራቸው ነካ ያደርጉታል። ከንፈር ላይ የሚጣበቀው ወገን ምስሉ ያለበት ነው፤ የማይጣበቀው ጀርባው ነው። «ዓይንሽ ይዋሻል፤ ከንፈር አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። የተቀደደው ተቀጥሎ፣ ፊልሙ ታጥቦ ካለቀ በኋላ በማሽን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። አንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች፤ ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም ነው። የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ነበር፤ ከእያንዳንዷ ፍሬም ላይ አቧራውን፣ ጭረቱን፣ የፀጉር ቅንጣቱን መልቀም።

ዌልደን አንድም ነገር ከመነካቱ በፊት ፊልሙን ሙሉውን፣ ከነድምፁ፣ አንዴ ያዩታል። ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ይቀመጡበታል። መጀመሪያ ሳይ ብርድ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ የገና ፊልም ነበር። ሁለት ቀን አቀርቅሬ ለቀምኩና አሳየኋቸው። አዩት፤ ከዚያ ሳቃቸው ጎሚስታው ድረስ ተሰማ። ለካ በረዶ እየጣለ ነበር። ከሰማይ የሚወርደውን ሁሉ አጽድቼዋለሁ።

«ሲስ፣ ኮሎምበስ ማዘጋጃ ቤት አንቺን ማጣቱ! መንገዱን በሁለት ቀን ትጠርጊላቸው ነበር» አሉኝ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እጄ ላይ የምቀመጠው ለዚህ ነው። እጅ ቸኩሎ ያያል። ቆሻሻ ምን እንደሆነ የምታውቂው ቆሻሻ ያልሆነውን ካወቅሽ በኋላ ነው» አሉኝ። ከኪሳቸው ነጭ ካርድ አወጡና በእርሳስ ከላይ «ቆሻሻ አይደለም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ፦ በረዶ። ለእያንዳንዱ ፊልም እንዲህ ያለ ካርድ ነበራቸው። ዝናብ። የብረት ቀጥቃጭ ፍንጣሪ። ዳንስ ቤት ውስጥ ያለ የሲጋራ ጭስ። አንዱ ካርድ ላይ «የሕፃኗ ጉንጭ ላይ ያለች የወተት ጠብታ» የሚል አይቻለሁ።

ፒያሳ የተማርኩት ማጥፋት ነበር። መተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ካርዶቹን በጫማ ካርቶን አድርገው ሰጡኝ፤ ያልተጻፈባቸውም ነበሩበት። በዓመቱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሥራ ቦታ የተገኘነው እኔና ዘውዱ ብቻ ነበርን።

ከእሳቸው በኋላ ኬቨን የሚባል ጎልማሳ ኃላፊ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም። ቀን ግን ይቆጥራል፤ ደንበኛም ቀን ይቆጥራል። አዲስ ፕሮግራምም መጣ። አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ታይቶ ከፊቷም ከኋላዋም የሌለ ነገር ካገኘ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ቀይ ክብ ያደርግበታል። እኛ ክቡን አይተን ማጽደቅ ነው። የቀረውን በእጅ እንለቅማለን።

ሦስቱ የመጣልን በዚያን ጊዜ ነው። «ሦስቱ» ያልነው እኛ ነን። ጥቁርና ነጭ የሆነ የድሮ የቼክ ፊልም ነው፤ ውስጡ ሦስት ተረት አለ። የድሮ ፊልም በዲስክ የሚያሳትም ድርጅት ታድሶ ይውጣ ብሎ ላከልን። የጣሳውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቼ ለዘውዱ ላክሁለት። ደቂቃ ሳይቆይ ኮል አደረገልኝ።

«የት አገኘሽው?»

«ጠረጴዛዬ ላይ ነዋ።»

«ትርሲት፣ ሙት በይኝ! ይሄንን እኮ ተማሪ ሆኜ ነው ያየሁት። የተማሪዎች መኖሪያ ምድር ቤት ውስጥ፣ አንሶላ ላይ ነበር ያሳዩን።»

ያን ቀን እራት ላይ የመጀመሪያውን ተረት ነገረኝ፤ የመንደሩን ሰው ድምፅ ሁሉ ስለዋጠ ደወል ነው። ሁለተኛው ለወንዝ ካፖርት ስለሰፋች ልጅ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄን አልነግርሽም።»

«ለምን?»

«ዲስኩ ሲወጣ እዚህ ሶፋ ላይ አብረን እናየዋለን። እኔ አልቅሼበታለሁ።»

«አንተ? አልቅሰህ ታውቃለህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ውጭው በረዶ ነው፤ ሆዴም ባዶ ነው። ምን ላድርግ?»

ሁለቱን ተረቶች እንደ ወጉ ሠራኋቸው። ሙሉውን አየሁ፣ እጄ ላይ ተቀመጥኩ፣ ካርድ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የዘውዱ ኩላሊት ጨርሶ ደከመ። ስኳሩ የቆየበት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ማመላለስ ጀመርኩ። ኬቨን ላፕቶፕ ሰጠኝና «ባለሽበት ሥሪ» አለኝ። ዘውዱ ውስጥ ማሽኑ ላይ ሲሆን እኔ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ እሠራለሁ። ሰው ስላለ ድምፁን ዘግቼዋለሁ።

ሙሉውን አላየሁትም። ጊዜ አጥቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ከዘውዱ ጋር አየዋለሁ ብዬ ማስቀመጤ ነበር። ለእሱ ያለኝ ፍቅር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የዌልደንን ልማድ ያፈረስኩት ባሌን ማክበር መስሎኝ ነው። ተረቱን ሳላውቅ፣ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየቆረጥኩ፣ እንደ ምስር ለቀምኩት።

ትዕይንቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር። ጥቁር የለበሰች ሴት አለች። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ በየፍሬሙ ቦታዋን ትቀያይራለች። ኔጋቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ሲታተም ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ እንዲህም ነው የሚዘለው። ፕሮግራሙ ቀይ ክብ አደረገባት። አጸደቅሁ። ያመለጡትን በእጄ ለቀምኩ። በደንብም ነው የለቀምኳቸው። የሴትዮዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ሰው የለም። ከማን ጋር እንደምታወራ አልጠየቅሁም።

ዲስኩ በመስከረም ደረሰን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መጋረጃውን ዘግተን፣ ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ዘውዱ የፕላስቲኩን ልባስ በጥርሱ ቀደደና ዲስኩን የሚያብለጨልጨው ሆዱ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አወጣው።

«በጠርዙ ያዝ እንጂ! አሻራህ ቀረበት እኮ» አልኩት።

«ወይ አንቺ! ዲስክ ነው ወይስ ታቦት?»

የመጀመሪያው ሲያልቅ አጨበጨበ። ሁለተኛው ላይ ትርጉሙ ከሥር ሲጻፍ «አጭበረበሩሽ፣ እንዲህ አላለችም» እያለ ይስቃል። ሦስተኛው ሲጀምር ወደ ፊት ተጠጋ። የባለ ወፍጮው ሚስት ባሏን ቀብራ ተመለሰች። በሩን ዘጋች። ወደ መስኮቱ ዞረችና መናገር ጀመረች። ዘውዱ ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ይፈልጋል።

«የት ሄደች?»

«ማን?»

«ነፍሱ። ትንሽ ብርሃን ነበረች እኮ። ትከሻዋ ላይ ታርፋለች፣ ዱቄቱ ላይ ትሄዳለች። ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሳትከፍት ከእሷ ጋር ነው የምታወራው...»

ፊቴን አየ። ያን ጊዜ ገባው። ወዲያው ድምፁን ለወጠ፤ «ተሳስቼ ይሆናል። አርባ ምናምን ዓመት ሆነኝ እኮ። ሌላ ፊልም ሳይሆን አይቀርም» አለ። ዘውዱ መዋሸት አይችልበትም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ያቺ ሴት ከባዶ ክፍል ጋር ስታወራ፣ እንደ እብድ፣ ቁጭ ብለን አየን።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ሥራ ቦታ ገባሁ። ያልተነካውን ስካን፣ መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር የገባውን ቅጂ፣ ከፈትኩ፤ ዌልደን እሱን መጣል ነውር ነው ስላሉ ሁልጊዜ እናስቀምጠዋለን። ድምፁን ከፈትኩ። እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። ነበረች። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በመርፌ ጫፍ ፊልሙን እየፋቀ በእያንዳንዷ ፍሬም ላይ ሠርቷታል። የእጁ መንቀጥቀጥ ነው እንደ ነፍስ ያርገበገባት። እሱ አንድ በአንድ ያኖራትን እኔ አንድ በአንድ አጠፋኋት።

ኬቨን ሲገባ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

«ትርሲት፣ ዲስኩ ወጥቷል። ማንም አላስተዋለም።»

«ባሌ አስተውሏል።»

«ባልሽ አንድ ሰው ነው።»

«እሺ፤ ከአንድ ሰው ልጀምር።»

ወንበሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ። ከዚያ ለአሳታሚዎቹ ጻፈላቸው፤ ጥፋቱንም የድርጅቱ አደረገው፤ ስሜን አልጠራም። እነሱም «አስተካክሉና ለሚጠይቅ ሁሉ አዲስ ዲስክ እንልካለን» አሉ።

ማጥፋቱ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ነበር፤ መመለሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ያልተነካው ስካን ላይ ነፍሲቱ ከሺህ አቧራ ጋር ተደባልቃ ነው ያለችው። ሁሉም ነጭ ነው፤ ሁሉም ይዘላል። በጣም አጉልቼ ሳይ ልዩነታቸውን አገኘሁት፤ የአቧራ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ የመርፌ ፍቅታ ግን ጠርዙ ስል ነው። በየፍሬሙ ስሏን እየፈለግሁ ሌላውን አነሣለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠርቼ አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

በጥቅምት መጨረሻ የዘውዱ ልብ መድከም ጀመረ። ሐኪሟ ማርታንና እኔን ኮሪደር ላይ አቁማ «ሳምንታት» አለችን። ማርታ በእንግሊዝኛ ብዙ ጠየቀች። እኔ ያሰብኩት ስንት ፍሬም እንደቀረኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ነው ያሰብኩት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የደረስኩበትን በላፕቶፕ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋው ላይ አጠገቡ ወጥቼ ተቀመጥኩና ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሴትዮዋን አያታለሁ» አለ። «ትንሿን አላያትም። ዓይኔ እምቢ ብሏል። የት እንዳለች ንገሪኝ።»

«በሩ ላይ ናት።»

«እሺ። ሴትዮዋ ‹ጫማህን አውልቀህ ግባ› አለችው። አሁንስ?»

«ዱቄቱ ላይ ወረደች።»

«‹ከሞትክም በኋላ ዱቄት ትበትናለህ?› አለችው።» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «አሁንስ?»

«ትከሻዋ ላይ።»

እዚህ ላይ ሴትዮዋ ረጅም ተናገረች። ዘውዱ አልተረጎመልኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ እጄን ግን ያዘው። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ ክረምቱን ሙሉ ወደዘጋችው መስኮት ሄደችና እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። ምስሉ ቆመ።

«ከፈተችው?» አለ።

«እዚህ ድረስ ነው የደረስኩት።»

«መቼ ትጨርሺዋለሽ?»

«ሐሙስ።»

«እሺ፣ ሐሙስ። እስከዚያ ዘግታ ትቆየን።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አረፈ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ነበርኩ።

የቀረውን የሠራሁት ከአርባው በኋላ ነው። ጥቁር ለብሼ ጥቁር የለበሰች ሴት ፍሬም በፍሬም አየሁ። መስኮቱን ስትከፍት ነጥቧ ወዲያው አትወጣም፤ ሁለት ጊዜ ትመለሳለች። ጨርሼ አስረከብኩ። በሚያዝያ ኬክ ቆረጡልኝ። ኬቨን «ከአሁን በኋላ አንድ ሰው ሙሉውን ሳያይ ፕሮግራሙን አናስነሣም» አለኝ። እንደዚያ ያድርጉ አያድርጉ አላውቅም።

ትናንት ማርታ ለሙት ዓመቱ ልታግዘኝ ከምትኖርበት ከካናል ዊንቸስተር መጣች። ሳሎኑን ስታስተካክል ሁለቱን ዲስኮች አገኘች። የአዲሱ ልባሱ እንኳ አልተቀደደም። የመጀመሪያውን ከፈተችው፤ ሦስተኛው ተረት መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። አውጥታ ወደ መብራቱ አዞረችው።

«ማሚ፣ ደርቲ ነው እኮ። ስኪፕ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ዋይፕ ላድርገው?»

የሸሚዟን ጫፍ ይዛ ነበር።

«ተይው!»

እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ደነገጠች። «ኦኬ፣ ኦኬ ማሚ። ዋት ኢዝ ኢት?»

ከእጇ ወሰድኩት፤ በጠርዙ ይዤ። መብራቱ ላይ መልሼ አየሁት። የዌልደንን የጫማ ካርቶን አወረድኩና ካልተጻፈባቸው ካርዶች አንዱን አወጣሁ። በእርሳስ ከላይ «ቆሻሻ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፦ የዘውዱ አውራ ጣት።